የአቶ ይርዳው ፏፏቴ

ታሪክ የሌለው ከተማ ይኖር ይሆናል፤ ታሪክ አዋቂ የሌለው ግን የለም። ከሚዛን ተፈሪ ወደ ቴፒ በሚወስደው መንገድ ዳር ባለችው ትንሽ ከተማ ይህን ማዕረግ የያዙት ክቡር አቶ ይርዳው ነበሩ። የሾማቸው የለም፤ የሚሽራቸውም አልተገኘም። ከፖስታ ቤት ጡረታ በወጡ ማግሥት ኮፍያቸውን ደፍተው፣ ከዘራቸውን ይዘው፣ ከወይዘሮ ከድጁ ሱቅ ፊት ለፊት መኪና መቆሚያው ላይ ሥራ ጀመሩ።

ከድጁ ከጅማ የመጡ የቡና ነጋዴ ልጅ ናት፤ ስኳር፣ ሳሙናና የባትሪ ድንጋይ ትሸጣለች። ሚዛኗም ምላሷም አይዋሽም። የአቶ ይርዳውን ታሪክ ከጠዋት እስከ ማታ መስማት ለእሷ የጥርስ ሕመም ነበር።

የከተማዋ ቅርስ አሮጌው የድንጋይ ቤት፣ ከቡናው ጫካ በላይ ያለው ዋሻና ከታች ያለው ፏፏቴ ነው። የድንጋይ ቤቱ ለአዲስ አበባ እንግዳ የጣልያን እስር ቤት፣ ለጎንደር ሰው የደጃዝማች እልፍኝ፣ ለጅማ ነጋዴ የዝሆን ጥርስ ማከማቻ ነበር። ከድጁ የምታውቀው አባቷ ጀንፈል፣ ያልተፈለፈለ ደረቅ ቡና፣ ሲያከማቹበት ነው። ከፏፏቴው ላይ ደግሞ ያለፍላጎቷ የተዳረች ሙሽራ ራሷን ወርውራለች። አንዳንዴ የባላባት ልጅ ናት፣ አንዳንዴ የነጋዴ፤ ሾፌሩ ቸኩሎ ጥሩንባ ከነፋ ሳትወድቅ ትቀራለች።

«ይህን በመጽሐፍ አታገኘውም!» ይላሉ ሲጨርሱ። እውነታቸውን ነው።

በሚሊኒየሙ ዓመት የቱሪዝም ባለሙያዎች ይመጣሉ ተባለ። ቦታው ከተመረጠ እስከ ፏፏቴው ጠጠር መንገድ ይሠራል። ይህ ለከተማው ቀልድ አልነበረም፤ ከፏፏቴው ማዶ ያሉት ገበሬዎች ክረምቱን በጭቃ ታግተው ነው የሚከርሙት። ባለፈው ዓመት ምጥ የያዛት ሴት ጤና ጣቢያ ሳትደርስ ቃሬዛ ላይ ወልዳለች።

ከድጁ መንገዱን ተሻግራ ሄደች። «ጋሼ ይርዳው፣ ለአላህ ብለው ነገ እውነቱን ብቻ ይናገሩ። አንድ ውሸት ከያዙብን መንገዱ ቀረ።»

«ውሸት? እኔ?» አሉ እንደተሰደበ ዳኛ።

«አዎ፣ እርስዎ!»

አቶ ይርዳው ኮፍያቸውን አውልቀው መልሰው ደፉ። «ይሁን» አሉ በመጨረሻ።

በማግሥቱ የዓለምዘርፍ የምትባል ነጭ ጫማ ያደረገች ባለሙያ ከመኪና ወረደች።

«ይህ የድንጋይ ቤት ምን ነበር፣ አባቴ?»

«የጀንፈል መጋዘን።»

«ዋሻውስ?»

«ዋሻ ነው።»

«ማን ኖሮበታል?»

«የሌሊት ወፍ።»

«ፏፏቴውስ?»

«ውኃ ነው። ከላይ ወደ ታች ይወርዳል።»

የዓለምዘርፍ ጭቃውን አየች፣ ጫማዋን አየች፣ ወደ መኪናዋ ዞረች። ከድጁ ከየት እንደመጣባት ሳታውቅ ጮኸች፤ «ኧረ እኅቴ! አያቴ እኮ ከሽፍታ ሸሽታ እናቴን የወለደቻት እዚያ ዋሻ ውስጥ ነው!»

አያቷ ከጅማ ወጥታ አታውቅም።

አቶ ይርዳው ዞር ብለው አዩዋት። ልጃቸው የተመረቀችላቸው ይመስሉ ነበር። «እኔማ ይህን ልናገር ፈልጌ ከልክላኝ ነው» አሉ። «ለአራሷ ውኃ የተቀዳው ከፏፏቴው ነው። ባልየው ቁልቁለቱን በጨለማ ሲወርድ፣ ነብሩ...»

«በሉ ወርደን እንየው» አለች የዓለምዘርፍ እየሳቀች። አንዱ ነጭ ጫማ ጭቃው ውስጥ ቀረ። እታች ሲደርሱ አቶ ይርዳው ብዙ ተናገሩ፤ ከውኃው ጩኸት የተነሣ የሰማቸው የለም። የከተማው ሰው መንገዱን ያገኘነው በዚህ ነው ይላል።

ጠጠሩ በዓመቱ ፈሰሰ። ሰሌዳም ተተከለ፤ «ፏፏቴ» የሚል ጽሑፍና ቀስት አለው፣ ሌላ የለውም።

ከዚያ በኋላ ባለው ጥቅምት አቶ ይርዳውን ወባ ጣላቸው። ከድጁ ለጸጥታው አላህን አመሰገነች። በሁለተኛው ቀን ግን ከሚዛን የመጡ እንግዶች ሰሌዳውን አንብበው፣ «ይኸው ነው?» ተባብለው ወደ መኪናቸው ሲመለሱ አየች።

«ቆዩ፣ የሚያስረዳችሁ ሰው ይመጣል!» አለቻቸው። ሱቋን ዘግታ በጥድፊያ አቶ ይርዳው ቤት ገባች። ትኩሳቱ ለቀቅ አድርጓቸው ብርድ ልብስ ተከናንበው ተቀምጠዋል።

«ጋሼ፣ ይነሡ። እንግዳ መጥቷል።»

«ተይኝ ከድጁ» አሉ በደከመ ድምፅ። «በሽታው ጭንቅላቴን ባዶ አድርጎታል። አንድም ነገር አላስታውስም።»

«ማስታወስ ያስፈለገዎት ከመቼ ወዲህ ነው?» አለች ከድጁ፣ ጫማቸውን እያቀረበች።