እታለም በር ሲነቅሉ

በእያንዳንዱ ቤተሰብ ውስጥ ዓመቱን ሙሉ እንደ ማንኛችንም ሲኖር ከርሞ የበዓል ሰሞን ብቻ የሚነግሥ አንድ ሰው አለ። የናንተም ቤት አለ፤ አትካዱ። ብርዱ ገብቶ፣ ቀኑ አጥሮ፣ ሱቆች መብራት መደርደር ሲጀምሩ ይህ ሰው ስልክ ያነሳና "እንግዲህ ትመጣላችሁ" ይላል። ጥያቄ እንዳይመስላችሁ። አዋጅ ነው።

የኛዋ ንግሥት ክብርት እታለም ናቸው። የእናቴ ታላቅ እህት ሲሆኑ፣ እውነተኛ ስማቸውን የሚያውቀው ጡረታ የሚከፍላቸው መሥሪያ ቤት ብቻ ይመስለኛል፤ ለቀረነው ለትንሹም ለትልቁም እታለም ናቸው። ዕድሜያቸውን በሙሉ በሆስፒታል የነርሶች አለቃ ሆነው ስለሠሩ፣ ሰው ባዩ ቁጥር ወይ አልጋ ላይ ማስተኛት ወይ ከአልጋ ማስነሳት ይቃጣቸዋል። "ደህና ነህ?" ሲሉ እጃቸው ቀድሞ ግንባርህ ላይ ነው። መዋሸት አይቻልም።

እውነቱን ለመናገር አዋጁ ሲደርሰን "ዘንድሮስ አልሄድም" የማይል የለም። ባለቤቴን ጉንፋን ይጀማምራታል። አንዱ ያክስቴ ልጅ ሥራ ይበዛበታል። እናቴ እንኳ የገዛ እህቷ ሆና "እስኪ ወገቤ ከፈቀደልኝ" ትላለች። እኔም ብሄድ ይደክመኛል፣ ብቀር ይከፋኛል። ዓመቱን ሙሉ የናፈቁኝን ሰዎች ገና ካፖርቴን ሳላወልቅ እጠግባቸዋለሁ፤ ቤቴ ገብቼ ጫማዬን ስፈታ ደግሞ መልሰው ይናፍቁኛል። ብቻ ምን አለፋችሁ፣ ቀኑ ሲደርስ ሁላችንም እየተነጫነጭን እታለም ቤት እንገኛለን።

ስንደርስ እታለም ሁልጊዜ አንድ ሥራ ላይ ናቸው። በር ይነቅላሉ።

አዎ፣ በር። አያቶቼ በኖሩበት በዚያ አሮጌ ቤት ውስጥ ከሳሎኑ ጋር የሚገናኝ አንድ መኝታ ቤት አለ፤ የዚያን መኝታ ቤት በር ነው የሚነቅሉት። ከሽርጣቸው ኪስ ካቻቢቴ ያወጣሉ፣ ወንበር ላይ ይቆማሉ፣ የማጠፊያውን ብሎኖች አንድ በአንድ ይፈታሉ። የሚረዳቸው ሰው አይፈልጉም። "ዞር በሉ፣ እጃችሁን ታስቆርጣላችሁ!" ይላሉ፤ ነርስ ስለሆኑ ማስፈራሪያቸው ሁሉ ሕክምና ነክ ነው። ከዚያ በሩን በሁለት የእንጨት እግሮች ላይ ያጋድሙትና ከሳሎኑ ጠረጴዛ ጋር ይገጥሙታል፤ ጨርቅ ያለብሱታል፤ ሁላችንም በአንድ ገበታ እንቀመጣለን።

"ሁለት ገበታ ሁለት ቤተሰብ ነው!" ይላሉ እታለም። ይሄ የቤቱ ሕገ መንግሥት አንቀጽ አንድ ነው።

በር ላይ መብላት የራሱ ትምህርት አለው። የቁልፉ ቀዳዳ ጋ ሾርባ ያፈሰሰ ሰው ጉልበቱ ላይ ያገኘዋል። የበሩ እጀታ ደግሞ ስለማይወልቅ ከጨርቁ ሥር ወጣ ብሎ እዚያ የተቀመጠውን ሰው ጎኑን ይጎስመዋል። እታለም ታዲያ አዲስ ሙሽራም ይሁን አዲስ አማች እጀታው ጋ ነው የሚያስቀምጡት። ባለቤቴ መጀመሪያ የመጣች ጊዜ እጀታውን አየት አደረገችና የእጅ ቦርሳዋን አንጠለጠለችበት። እታለም ከጠረጴዛው ራስ ሆነው "ይቺ ልጅ ትሆናለች" አሉ። እስከዛሬ ድረስ ከኔ ይልቅ እሷን ነው የሚሰሟት።

በር የሌለው መኝታ ቤትስ? ካፖርታችን ሁሉ አልጋው ላይ ተከምሮ ከነክምሩ ይታየናል። አንድ ዓመት ያ ሥራ የሚበዛበት ያክስቴ ልጅ ከእጮኛው ጋር ተጣልቶ ኖሮ፣ ስልኩን ይዞ እዚያ ገብቶ ማዕዘኑ ላይ ተወሸቀ። ተደብቄያለሁ ብሎ ነው እንግዲህ። እኛ ማንኪያችንን እንኳ ሳናሰማ፣ ሾርባው እየቀዘቀዘ፣ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ አዳመጥን። ስልኩን ዘግቶ ሲመለስ እታለም ፍርዱን ሰጡ፤ "እሷ ናት ልክ። ደውልና ይቅርታ ጠይቅ።" ደወለ። ዛሬ ሚስቱ፣ የሁለት ልጆቹ እናት ናት፤ እጀታውም ጋ በክብር ተቀምጣ አልፋለች።

የጨውም ነገር አለ። በዚያ ሁሉ ርዝመት ባለው ገበታ ላይ እታለም የሚያስቀምጡት አንድ የጨው ዕቃ ብቻ ነው። የተኳረፉ ሰዎች ካሉ ደግሞ፣ የዘመድ ጥል የሥጋ ትል ነውና መቼም አይጠፉም፣ ጨውን በአንደኛው ፊት፣ ጨው የሌለውን ድንች በሌላኛው ፊት ያስቀምጣሉ። ከዚያ ይጠብቃሉ። አልጫ የሚበላ እልኸኛ እስካሁን አላየሁም። ዞሮ ዞሮ አንዱ ጉሮሮውን ጠረግ አድርጎ "ጨው አቀብለኝ" ይላል፤ እርቅ ወረደ ማለት ነው።

በዚህ ሁሉ የሚበግነው አንድ ሰው ነበር፤ አጎቴ። አጎቴ የቤቱ የመጨረሻ ልጅ ነው፣ አናጢ ነው፣ ያውም ሰው ወረፋ የሚጠብቀው አናጢ። "የአናጢ እህት በር ላይ ትበላለች እየተባለ በኔ ይሳቅ?" ይላል በየዓመቱ። የሚስቅበት ሰው ኖሮ አይደለም፤ የበር ነገር ሲነሳ አጎቴ ፊቱ ይጠቁራል።

ምክንያቱን ሁላችንም እናውቃለን፣ ማናችንም አናነሳውም። ያ መኝታ ቤት ድሮ የሱ ክፍል ነበር። እኔ ገና ልጅ ሳለሁ፣ በዚሁ በብርዱ ወራት በዓል፣ ሁላችንም በተሰበሰብንበት "ትምህርቱን ትቼ አናጢ እሆናለሁ" አለ። አያቴ ደግሞ ኃይለኛ ሰው ነበሩ፤ "እንጨት ሲፈልጥ የሚውል ልጅ የለኝም" አሉት። አጎቴ ተነሳና ክፍሉ ገባ፤ በሩን ሲወረውረው ግድግዳው ላይ ያለው ሰዓት ወደቀ። ነግቶ ማንንም ሳይሰናበት በመጀመሪያው አውቶቡስ ሄደ። ብርዱ ሳያልፍ አያቴ ሞቱ። አባትና ልጅ ሳይነጋገሩ ቀሩ።

እታለም በሩን መንቀል የጀመሩት በቀጣዩ ዓመት ነው። ቤተሰቡ ስለበዛ፣ ጠረጴዛው ስላጠረ ነው ብለን አሰብን። ሌላ ምን እንድናስብ?

ዘንድሮ ታዲያ አጎቴ ጉድ ሠራ። ከደንበኞቹ ሥራ በተረፈው ጊዜ ሁሉ ተደብቆ ሲሠራው የከረመ ጠረጴዛ በጭነት መኪና አምጥቶ እታለም ደጅ አወረደ። ጠረጴዛ ስላችሁ ዝም ብሎ ጠረጴዛ አይደለም! ከሳሎኑ ጫፍ እስከ ጫፍ የሚደርስ፣ ጠርዙ በእጅ የተለሰለሰ፣ አንድ ምስማር የማይታይበት። እናቴ "እልል በሉ" አለች። እታለም መዳፋቸውን ከራስጌ እስከ ግርጌ እያስኬዱ በዝግታ ዞሩት። እንባቸው መጣ።

"እጅህ ይባረክ፣ ወንድሜ። አባባ ይሄን ባዩ" አሉት።

አጎቴ እንደ ልጅ አንገቱን ደፋ። እኛም ተነካን፣ ተቃቀፍን፣ እሰይ አልን። እታለም አፍንጫቸውን ጠረጉ፤ ከሽርጣቸው ኪስ ካቻቢቴአቸውን አወጡና ወንበር ይዘው ወደ በሩ ሄዱ።

"እታለም! ምን ልታደርጊ ነው?" አለ አጎቴ።

"በሩን ልነቅል።"

"ገበታው እኮ ሁላችንንም ይበቃል! ጎረቤት ቢጨመር ይበቃል!"

"ይበቃል" አሉ እታለም የመጀመሪያውን ብሎን እየፈቱ። "በሩ ግን ይነሳል።"

ነቀሉት። በረንዳ ላይ ወስደው አስደገፉት፤ ለምንም ሳይሆን እዚያ ብርድ ሲጠጣ ዋለ። አጎቴ ነገሩን በሆዱ ያዘው። ምሳ ስንጀምር ሾርባውን ቢያማስል እንጂ አልቀመሰም። በዚህ ላይ የዚያ አሮጌ ቤት ወለል ዘንበል ያለ ነውና ጠረጴዛው ነቅነቅ አለ። እታለም ጎንበስ ብለው እግሩ ሥር የታጠፈ ካርቶን ወሸቁ። ክፉ አላሰቡም፤ ለአባታቸው ወንበርም ቢሆን ይወሽቁ ነበር። ለአናጢ ግን ካርቶን ማለት ጥፊ ነው።

አጎቴ ማንኪያውን አስቀመጠ።

"አልወደድሽውም አይደል? እንደ አባባ ነሽ። እኔ የሠራሁት ነገር ምን ጊዜም አይጥማችሁም። ያንን የበሰበሰ በር አምጥተሽ ብዪበት!"

"ተቀመጥ፣ ይቀዘቅዝብሃል" አሉ እታለም።

"አልቀመጥም! ካፖርቴን ይዤ እሄዳለሁ!"

መኝታ ቤቱ ገባ። ንዴቱ ነዶበት ስለነበር እንደ ገባ ዞረና፣ ከኋላው በሩን ለመወርወር እጁን ዘረጋ።

በር የለም። እጁ አየር ጨበጠ።

እዚያው ቆመ፣ እጁ እንደተዘረጋ፣ ከኋላው የካፖርት ክምር፣ ከፊቱ ቤተሰብ በሙሉ። ልስቅ ነበር፤ እናቴ እግሬን ረገጠችኝ። ማኩረፍ ለካ በር ይፈልጋል፤ በር የሌለው አኩራፊ ወዴት ይግባ?

እታለም አልሳቁም፣ አልተቆጡም። ንጹሕ ሳህን አነሱ፣ ዶሮውን ከድንቹ ጋር አደረጉበት፣ ወደ መኝታ ቤቱ ሄዱና በር በነበረበት ቦታ ላይ ቆሙ።

"ያን ዕለት አባባ እንዲህ ነበር የቆሙት" አሉ።

"ምን?"

"አንተ ከዘጋህ በኋላ። እኛ ሁላችን ወጥ ቤት ነበርን፣ እኔ ብቻ ዞር ስል አየኋቸው። ምሳህን በሳህን አድርገው ይዘው እዚህ ጋ ቆሙ። ሊያንኳኩ እጃቸውን አነሱ፤ መልሰው አወረዱ። ደግሞ አነሱ፤ ደግሞ አወረዱ። ሳህኑ እጃቸው ላይ ቀዘቀዘ። ኩራት ያዛቸው፣ ወይ ፈሩህ፣ እኔ እንጃ።" በእጃቸው ያለውን ሳህን አየት አደረጉ። "በሩ ባይኖር ይገቡ ነበር።"

አጎቴ የተዘረጋው እጁ ቀስ ብሎ ወረደ።

"ለምን እስከዛሬ አልነገርሽኝም?"

"በየዓመቱ ልነግርህ አስባለሁ። ቃሉ ከአፌ አልወጣ ሲለኝ በሩን እነቅላለሁ።"

እዚህ ላይ ጨዋ ቤተሰብ ቢሆን ኖሮ ፊቱን ያዞር ነበር። እኛ ግን ትክ ብለን አየን፤ ምን እናድርግ፣ የሚጋርደን የለም። አጎቴ አለቀሰ። ያ ትልቅ ሰውዬ የኛ ካፖርት ክምር ላይ ተቀምጦ እንደ ሕፃን አለቀሰ፣ እታለም አጠገቡ ተቀመጡ፣ ሳህኑን ጉልበቱ ላይ አኖሩለት። እኔም አለቀስኩ፤ ባለቤቴ ጉንፋን ነው አለች።

ብዙ ቆይቶ አንድ ጉርሻ ጎረሰ። አላመጠ። ጉሮሮውን ጠረገ።

"ጨው የለውም" አለ። "ጨው አቀብሉኝ።"

ያቺ አንድ ጨው ከጠረጴዛው ሌላኛው ጫፍ ተነሳች። ከእጅ ወደ እጅ፣ በአማቾቹ አልፋ፣ በልጆቹ አልፋ፣ በእናቴ እጅ ትንሽ ዘግይታ፣ ያንን ሁሉ ርዝመት ተጉዛ መኝታ ቤት ደረሰች። ጠረጴዛው በእውነት ረጅም ነው።

በማግስቱ በሩን የገጠመው አጎቴ ነው። የድሮዎቹን ማጠፊያዎች አወለቀና ከመሣሪያ ሣጥኑ ሌላ ዓይነት አውጥቶ ገጠመ፤ በሩን በሁለት እጅ ይዘህ ወደ ላይ ከፍ ስታደርገው ያለ ካቻቢቴ የሚወጣ። እታለም እንዲሞክሩት ጠራቸው። ከፍ አደረጉት፣ በሩ እሺ ብሎ ወጣ።

"ከእንግዲህ ወንበር ላይ እንዳትወጪ፤ ወድቀሽ ትሰበሪያለሽ" አላቸው።

"ነርሷ አንተ ነህ ወይስ እኔ?" አሉት። ካቻቢቴው ግን እስካሁን ሽርጣቸው ኪስ ውስጥ ነው፤ ንግሥት ዘንግ አትጥልም።

እኛም እንደ ልማዳችን ደክሞን፣ ጠግበን፣ እየተነጫነጭን ወደየቤታችን ተበተንን። ባለፈው ሳምንት ታዲያ ልጄ፣ ዕድሜዋ ሁሉን የምታውቅበት ላይ ነው፣ እኔም አንድ ክፉ ቃል ተናገርኳት፣ ክፍሏ ገብታ በሩን ወረወረችው። ሄጄ ፊት ለፊቱ ቆምኩ። እጄን አነሳሁ። አወረድኩ። ከዚያ እታለም ትዝ አሉኝና፣ አንኳኩቼ ገባሁ።

ስወጣ አጎቴ ጋ ደወልኩ።

"ያ ማጠፊያ ከየት ይገኛል?" አልኩት።

ሳቀ። "ለየትኛው በር ነው?"

ቤቴን ዙሪያውን አየሁት።

"ለሁሉም" አልኩት።