የሊቀ ካንዴላ ዘርእዝጊ ሁለተኛ መቀመጫ

በየሀበሻው ሰፈር አንድ የማይሄድ መንገደኛ አለ። ሰፈሩ አዲስ አበባም ይሁን ፍራንክፈርት ሰውየው ያው ነው፤ ካርታው የተዘረጋ፣ ጎማው የተነፋ፣ ጫማው የተወለወለ፣ መነሻው ግን ሁልጊዜ "የሚመጣው ወር" የሆነ። እንዲህ ያለው ሰው ለመሞት እንኳ "ቆይ፣ አንድ ነገር ቀርቶኛል" ሳይል የሚነሳ አይመስለኝም።

የእኛ ሰፈር ፍራንክፈርት ያለው ኒደርራድ ነው። የእኛ መንገደኛ ደግሞ ክቡር ጋሽ ዘርእዝጊ ናቸው፤ እኔ በልቤ "ሊቀ ካንዴላ" የምላቸው። ከአስመራ ከመጡ ሠላሳ ዓመት ሆኗቸዋል። ከዚህ ውስጥ ሃያ ስምንቱን አውሮፕላን ማረፊያ የሻንጣ መጎተቻ መኪኖችን ሲጠግኑ ቆይተው ጡረታ ወጡ። የዓለምን ሻንጣ ሁሉ ሸኝተዋል። እሳቸው ግን ከጎረቤቷ ከተማ ከዳርምሽታት አልፈው አያውቁም።

ከእኔ መስኮት ሥር ባለው ጋራዥ ውስጥ አንዲት የስፖርት መኪና አለቻቸው፤ በአውሮፓውያኑ 1967 ጣሊያን የተሠራች፣ ጣራዋ የሚገለጥ፣ ሁለት መቀመጫ ብቻ ያላት። ሲገዟት ዳርምሽታት ዳር በአንድ ገበሬ ጎተራ ዶሮ ታቅፋባት ነበር። አሥራ አንድ ዓመት ሠሯት። ቀለም ለመምረጥ ብቻ አንድ ሙሉ ክረምት ፈጀባቸው። "የምጽዋን ባሕር ነው የምፈልገው፤ ከሰዓት በኋላ ያለውን" ብለው አራት ቆርቆሮ ቀብተው ግድግዳው ላይ ሰቀሉ፤ ጠዋት እያዩ፣ ማታ እያዩ፣ ዝናብ ሲጥል እያዩ ከረሙ። ለእኔ አራቱም ሰማያዊ ነበሩ። አንድ ቀን ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ሦስተኛው ቆርቆሮ ድንገት እንደ ውኃ ሲንቀሳቀስ አየሁና ደረጃ ላይ ቆሜ ቀረሁ። እኔ ለአንዲት ቃል አንድ ሳምንት ስባክን ማንም አይረዳኝም ብዬ የማለቅስ ሰው ነኝ፤ እሳቸው ለአንድ ሰማያዊ አምስት ወር ሲጠብቁ አንድም ቀን አላማረሩም።

"ዝግጅት ግማሽ መንገድ ነው፣ ጓለይ" ይሉኛል፤ "ልጄ" ማለታቸው ነው በትግርኛ። በዚህ ስሌት ከጋራዡ ሳይወጡ ሞስኮ ደርሰው ተመልሰዋል።

የካቻቢቴውን እጀታ ጆሯቸው ላይ፣ ጫፉን ሞተሩ ላይ አድርገው እንደ ሐኪም ያዳምጣሉ። "ስሚ! ሦስተኛው ሲሊንደር ቅር ብሎታል። ይሰማሻል?" እኔ የሚሰማኝ ሞተር ነው። ከፍተው አንዲት ፀጉር የማታክል ክፍተት ያስተካክላሉ። ከዚያ በኋላ ግን እምላለሁ፣ ድምፁ የተለየ ነበር፤ መዝሙር ላይ አንዱ ዘማሪ ዘግይቶ ከርሞ በመጨረሻ ከሌሎቹ ጋር የገባ ይመስል።

እሑድ እሑድ ደግሞ ልምምድ አለ። "ቺንጊያ ተበጠሰ!" ብለው ያውጃሉ። ምንም የተበጠሰ ነገር የለም። የማስጠንቀቂያ ሦስት ማዕዘኑ ግቢው መካከል ይቆማል፤ ባለቤታቸው እትዬ ጽገ ሰዓት ይይዛሉ፤ ጤነኛው ቺንጊያ ወልቆ ሌላ ጤነኛ ይገባል።

"አራት ደቂቃ ከሃያ" ይላሉ እትዬ ጽገ።

"ጎታርድ ላይ ብርድ አለ። እንደገና፣ በጓንት!"

ወደ ጣሊያን የሚያሻግረውን የስዊስ ተራራ፣ ጎታርድን፣ በዋሻው ማለፍ እንደሚቻል አንድ ጊዜ ነግሬያቸው ነበር። አዝነው አዩኝ። "ተራራ በትከሻው ነው የሚታለፍ፣ በሆዱ አይደለም።" ለትከሻው ሲባል ሁሉ ነገር በወጥ ቤት ሚዛን ተመዘነ። የሲጋራ መተርኮሻው ሁለት መቶ ግራም ሆኖ ስለተገኘ ተነቀለ። የእትዬ ጽገ ሻምፖ በብልቃጥ ተቀነሰ።

ይህ ሁሉ ለምን እንደሆነ የነገሩኝ እትዬ ጽገ ናቸው፣ ደረጃ ላይ ዕቃ አስቀምጠን ስናርፍ። ጋሽ ዘርእዝጊ በወጣትነታቸው አስመራ ውስጥ አንድ ጋራዥ ይሠሩ ነበር። እንዲህ ያለች መኪና ለጥገና በገባች ጊዜ መሪዋን ይዘው ተቀምጠው ሳለ ጽገ የምትባል ተማሪ በበሩ አለፈች። "የኔ ናት" አሏት። "አንድ ቀን አጠገቤ ተቀምጠሽ ጣሊያን እንገባለን።"

"አመኗቸው?" አልኩ።

"ምን አምነዋለሁ! እጁ እስከ ክርኑ ግሪስ ነበር። የመኪና ባለቤት እንዲህ ይሆናል?" ሳቁ። "ግን ለእኔ ብሎ እንዲህ ያማረ ውሸት የፈጠረ ሰው ከዚያ በፊት አልነበረም። ይኸው ሠላሳ ስምንት ዓመቴ፣ እውነት እስኪሆን እየጠበቅሁ ነው።"

በአውሮፓውያኑ 2009 ሐምሌ የእትዬ ጽገ የእህት ልጅ ቦሎኛ ልታገባ ሆነ። ሰርጉ እሑድ፣ መነሻው ዓርብ ጠዋት። መኪናዋ የቴክኒክ ምርመራውን አለፈች፤ እንዲያውም መርማሪው ሲጨርስ "አንዴ ልቀመጥባት?" ብሎ ለመነ። የቀረ ነገር አልነበረም። ወሬው ግን ወጣ፤ "ዘርእዝጊ በመኪና ጣሊያን ሊሄድ ነው!"

ሀበሻ የሰው ዕቃ ሳይዝ ድንበር አይሻገርም። ከማመልክበት ጉባኤ ተዋበች ለወንድሟ ሦስት ኪሎ በርበሬ አመጣች። የጋሽ ዘርእዝጊ የካርታ ጨዋታ ጓደኛ ጋሽ ባህታ የድሮ የእግር ኳስ ቡድናቸውን ፎቶግራፍ፣ ሜትር በሚሆን መስታወት ውስጥ እንዳለ፣ ለቀድሞው በረኛቸው ላኩ። ሽሮ መጣ፣ ጥልፍ ቀሚስ መጣ፣ የሕፃን ብርድ ልብስ መጣ። መተርኮሻ የነቀሉት ሰው አንዱንም እንቢ አላሉም።

እኔም ብሆን፣ ልናዘዝ፣ ለጓደኛዬ የምልከው የግጥም ጥራዝ ነበረኝ። ሚዛን ላይ አስቀመጡት።

"ሦስት መቶ አርባ ግራም። ቤት ይመታል?"

"አንዳንዱ።"

"የማይመታውን አውጪና ይቅለል።"

ዓርብ ጠዋት ልስቅ ወረድኩ። የኋላ ኮፈኑ በመለዋወጫ ተሞልቷል፦ የውኃ ፓምፕ፣ ሁለት ኮይል፣ አንድ ሙሉ ካርቡራተር፣ አሥራ ሁለት ካንዴላ፣ አራት ቺንጊያ፣ ክሪክ። የሰው አደራ ደግሞ ሁለተኛው መቀመጫ ላይ ተከምሮ፣ በላዩ የኳስ ቡድኑ በመስታወት ውስጥ ደረቱን ነፍቶ ቆሟል።

"ዘርእዝጊ፣ ሰርግ ነው የምትሄደው ወይስ ጋራዥ ልትከፍት?" አሉ ጋሽ ባህታ።

እትዬ ጽገ ነጭ ለብሰው፣ ትንሽ ቦርሳ ይዘው ወረዱ። መቀመጫውን አዩ።

"እኔ የት ነኝ?"

አሥራ አንድ ዓመት ሁሉን የመዘኑት ሊቅ መቀመጫውን አሁን ገና ያዩት መሰሉ። ከዚያ፣ እግዜር ይይላቸው፣ "ጽገ፣ ባቡሩ እኮ ፈጣን ነው..." አሉ።

ጋሽ ባህታ እንኳ መሬት መሬት አዩ።

"አስመራ ላይ ያልኸኝ ባቡር ነበር?" አሉ እትዬ ጽገ፣ ድምፃቸውን ከፍ ሳያደርጉ። "ባቡርማ ያኔም ነበረ።" ቦርሳቸውን ይዘው ወደ ትራሙ መራመድ ጀመሩ።

ጋሽ ዘርእዝጊ በርበሬውን አነሱ። "አደራ ነው" ብለው መልሰው አስቀመጡት። ከዚያ የኋላ ኮፈኑን ከፈቱ። ፓምፑን አውጥተው መሬት ላይ አስተኙት። ካርቡራተሩን። ኮይሎቹን። ካንዴላዎቹን አንድ በአንድ፣ እያንዳንዷን በአውራ ጣታቸው ዳሰስ እያደረጉ። እትዬ ጽገ የብረቱን ድምፅ ሰምተው ከግቢው በር ላይ ዞሩ።

"አብደሃል?" አሉ ጋሽ ባህታ። "ተራራው ላይ ብትቆምብህስ?"

የመለሱት እትዬ ጽገ ናቸው። "እገፋታለኋ! ሠላሳ ስምንት ዓመት እሱን ስገፋ ኖሬ መኪና ያቅተኛል?"

አደራው ሁሉ ወደ ኋላ ገባ። እትዬ ጽገ ተቀመጡ፣ ሻሻቸውን አገጫቸው ሥር አሰሩ። ሞተሩ ተነሳ፤ አራቱም ሲሊንደር አብረው ዘመሩ። ከዚያ ድንገት ጠፋ። ጋሽ ዘርእዝጊ ራሳቸው አጥፍተውት ወጡ፤ እጃቸው ወደ ፊተኛው ኮፈን ተዘረጋ።

"ጀመረው!" አሉ ጋሽ ባህታ።

"ዘይቱን አይቼዋለሁ" አሉ እትዬ ጽገ፣ ፊት ለፊት እያዩ።

የጋሽ ዘርእዝጊ እጅ አየር ላይ ቀረ። "መቼ?"

"ሲነጋ፣ ሞተሩ ቀዝቃዛ ሳለ። ከላይኛው ምልክት አንድ ጥፍር ዝቅ ይላል።"

"መለኪያውን ጠርገሽ ነው?"

"ሁለቴ።"

ሊቀ ካንዴላ ሚስታቸውን አዩ፤ ያን ሦስተኛ ቆርቆሮ ፀሐይ ሲያገኘው እኔ እንዳየሁት ዓይነት አስተያየት ነበር። ዞረው ገቡ። ሰማያዊዋ መኪና ከግቢው ወጣች።

"ከስዊስ ድንበር፣ ከባዝል አያልፉም" አሉ ጋሽ ባህታ ከጎኔ።

"ዝም በል!" ብዬ ጮህኩባቸው። አባቴ የሚሆኑ ሰው መሆናቸው ትዝ ያለኝ መኪናዋ ከታጠፈች በኋላ ነው።