የፋይል ጠጋኙና የሐጂ ማንጎ

እኛ አገር ጠፋ የሚባል ነገር ብዙውን ጊዜ የጠፋ አይደለም፤ የተሸፈነ ነው። ካላመናችሁ አሶሳ ውስጥ የአንዱን መሥሪያ ቤት ታፔላ ጠጋ ብላችሁ እዩት። የመሥሪያ ቤቱ ስም በተለወጠ ቁጥር ጸሐፊው የቀድሞውን አይፍቅም፤ ነጭ ቀለም ቀብቶ አዲሱን ከላዩ ይጽፋል። ሁለት ዓመት ፀሐይ ሲመታው ቀለሙ ይረግፍና ከሥር ያለው ፊደል ብቅ ይላል፤ ባለጉዳዩም በአንድ ሰሌዳ ሁለት መሥሪያ ቤት ያነባል። ሰውም እንዲሁ ነው። እኔም እንዲሁ ነኝ። ስለ ራሴ ማውራት ግን አልወድም፤ ስለ ኮምፒውተር ላውራችሁ።

አንድ ኮሌጅ ውስጥ ኮምፒውተር አስተምራለሁ። ኮሌጁ ከዓመታት በፊት ያካባቢውን ሰው ታሪክ በድምፅ እየቀዳ ሰብስቧል፤ የበርታውን፣ የጉሙዙን፣ በደርግ ጊዜ ከወሎ መጥተን በቁጥር በሚጠሩ መንደሮች የሰፈርነውን የኛንም ጭምር። ድምፁ የተቀመጠው በንብርብር ነው። ንብርብር ማለት እንዲህ ነው። ካርታቸው እንዳይበላሽ የሚሳሱ ሰዎች ካርታው ላይ አይጽፉም፤ በላዩ ብርሃን የሚያሳልፍ ላስቲክ ያነጥፉና ላስቲኩ ላይ ይጽፋሉ። አንድ መንደር እንዳይታይ የፈለገ ሰው ላስቲኩ ላይ፣ በመንደሩ ትክክል፣ ቁራጭ ወረቀት ይለጥፋል። ከላይ የሚያይ ሰው መንደሩ ጠፋ ይላል። መንደሩ ግን እዚያው ከሥር ተቀምጦ ዶሮ ያረባል።

ድምፁና የኮሌጁ ሌላ ሰነድ ሁሉ ያለበት የኛም ኮምፒውተር ሁለት ዲስክ አለው። የታችኛው የታሸገ ነው፤ ማንም አይጽፍበትም። የላይኛው ክፍት ነው። አንድ ሰው ‘ይህን ሰርዝ’ ሲል ኮምፒውተሩ ላይኛው ላይ ሽፋን ይለጥፋል እንጂ የታችኛውን አይነካም።

ችግሩ መብራት ድንገት ሲሄድ ነው። ሁለቱ ዲስኮች ይጣላሉ። ላይኛው አለ የሚለውን ታችኛው አላውቀውም ይላል። ስለዚህ የሚያስታርቃቸው አንድ ጠጋኝ ፕሮግራም ልሠራ ተነሣሁ። እያንዳንዱን ሽፋን ገለጥ አድርጎ ከሥሩ የሚሸፍነው ነገር መኖሩን ያያል፤ ባዶ ከሆነ ሽፋኑ ትርፍ ነውና ይጥለዋል። እዚህ ላይ አንድ ምርጫ ገጠመኝ፦ ከመጣሉ በፊት ይጠይቅ ወይስ አይጠይቅ? እኔ ባደግሁበት ሰፈራ ወረፋ ላይ ዝም ያለ ሰው ሳህኑ ይሞላለታል፤ ‘ለምን’ ያለ ወደ ኋላ ይመለሳል። በልጅነቴ አንድ ጊዜ ‘ለምን’ ብዬ ነበር። ከዚያ በኋላ አላልኩም። ፕሮግራሙም እንደ ሠሪው ሆነ፤ አይጠይቅም።

አሁን ከሥር ስለነበረው አንድ ነገር ልንገራችሁ። ሁሉም ስለሰማው ብነግራችሁ አይጎዳኝም። ኮሌጁ ያን ጊዜ እኔንም ቀድቶኝ ነበር። መቅረጫው ፊት ምን እንደነካኝ እንጃ፣ አፌ ተከፈተ። የመጣን ሰሞን፣ ራቡ ሲጠናብኝ፣ ከመንደራችን ወረድ ብሎ ከመስጊዱ ጀርባ ካለ ግቢ በቀርከሃው አጥር እየሾለክሁ አንድ ወቅት ሙሉ ማንጎ እንደሰረቅሁ ተናገርኩ። ‘ጎምዛዛ ነበር፤ ክሩ ጥርስ ውስጥ ይቀራል። ነፍሴን ያቆየው ግን እሱ ነው’ አልኩ።

የዛፉን ባለቤት ያወቅኋቸው ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው። ሐጂ ኢብራሂም ይባላሉ፤ የድምፅ ክፍሉን የምትጠብቀው የሐዋ አባት ናቸው። አባቴ የሞተ ጊዜ ድንኳኔን ያቆሙት፣ ሦስት ቀን አጠገቤ የተቀመጡት እሳቸው ናቸው። እንደ ልጅ ይዘውኛል። ታዲያ ሻይ ላይ ስንቀመጥ የዚያን ዓመት ነገር ማንሣት ይወዳሉ። “ማንጎዬን ጦጣ ጨረሰው፤ ወላሂ፣ አንድ ፍሬ አልተወልኝም!” ይላሉ። እኔ ሻዬን አማስላለሁ። ስኳሩ ከሟሟ ቆይቷል፤ ቢሆንም አማስላለሁ። አንድ ቀን ወደ ድምፅ ክፍሉ ገብቼ ታሪኬ ላይ ሽፋን ለጠፍኩበት። ሐጂ ያንን እንዳይሰሙ እንጂ ሌላ ምንም አልፈለግሁም።

ጠጋኙ ባለቀ ሳምንት፣ ረቡዕ ረፋድ ላይ፣ መብራት ሄዶ ተመለሰ። ደስ አለኝ። የምሞክርበት ቀን ደረሰልኝ። ያላወቅሁት የሐዋን ጥንቃቄ ነው። ሐዋ እንደ ማናችንም ቤት ሰው መብራት ሲሄድ ሁሉን ነገር ትነቅላለች፤ ሲመለስ በኃይል መጥቶ እንዳያቃጥል። ታችኛውን ዲስክ ነቅላ፣ በፎጣ ጠቅልላ፣ ቁም ሳጥን ውስጥ ቆልፋበት ወጥታለች። እኔ ኮምፒውተሩን ከፍቼ ጠጋኙን ለቀቅሁት። ወደ ታች አየ፤ ባዶ ነው። ሽፋኖቹን አየ፤ አንዳቸውም የሚሸፍኑት የላቸውም። ሁሉንም ባንድ ትንፋሽ ጠረጋቸውና ‘ተጠግኗል’ አለኝ። ኮርቼ ምሳዬን በላሁ።

ከሰዓት ሐዋ ዲስኩን መልሳ ሰካችው። የተሰረዘ ሁሉ ተነሣ። የተሻረ ስብሰባ ቃለ ጉባኤ ተነሣ። የተዛወረው ዲን የልደት ፎቶ ተነሣ። አንድ መምህር ለአንዲት መምህርት በድምፁ ያነበበው ግጥም ተነሣ፤ ሁለቱም ዛሬ ትዳር ይዘዋል፣ እርስ በርስ ግን አይደለም።

ሐሙስ ሐሙስ ሽማግሌዎች አዳራሹ ውስጥ ተሰብስበው አንድ የድሮ ድምፅ ያዳምጣሉ። እኔም አልቀርም። በዚያ ሐሙስ ሐዋ ፈገግ ብላ፣ “ዛሬ ሰምታችሁት የማታውቁትን አግኝቻለሁ” አለችና ከፈተችው። የገዛ ድምፄ ከድምፅ ማጉያው ወጣ። መንደሩ ተጠራ፤ መስጊዱ ተጠራ፤ የቀርከሃው አጥር ተጠራ፤ ጎምዛዛው ማንጎ ተጠራ። በሩን አየሁት፤ ሩቅ ነበር።

ፊት ለፊት የተቀመጡት ሐጂ እጃቸውን አነሡ።

“ሐዋ፣ አቁመው።” ወደ እኔ ዞሩ። “ይሄ ድምፅ ያንተ ነው?”

“የኔ ነው፣ ሐጂ።”

“ጦጣው አንተ ነህ?”

“እኔ ነኝ።”

ሐጂ ራሳቸውን ያዙ። “አስተግፊሩላህ! ስንት ዓመት ሙሉ ጦጣ በሐሰት ረገምኩ!”

አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ። እኔ አልሳቅሁም፤ ሐጂም አልሳቁም።

“ይቅርታ ያድርጉልኝ” አልኩ።

“ተወው። ራብ ነው። የራበው ልጅ ማንጎ በላ፣ ሐራም አይደለም። ግን ምንድን ነው ያልከው? ጎምዛዛ?”

“ብያለሁ” አልኩ።

“ሲለቀም ቢጫ ነበር ወይስ አረንጓዴ?”

“አረንጓዴ።”

“ሰማችሁ?” ወደ ሰዉ ዞሩ። “ሳይበስል ለቀመ፤ ከዚያ ዛፌን አማ! ለሌላው ሁሉ ይቅር ብዬሃለሁ። ይሄ ግን በመንግሥት ኮምፒውተር ተቀምጧል። የልጅ ልጄ ይሰማል። አጥፋው!”

ታችኛው እንደታሸገ፣ መሸፈን እንጂ ማጥፋት እንደማይቻል አስረዳሁ። ካርታውን፣ ላስቲኩን፣ ቁራጭ ወረቀቱን ሁሉ። ሐጂ እስከ መጨረሻው አዳመጡኝ።

“አትሸፍን” አሉ። “መሸፈንህን አየነው። ታች ያለው ይቀመጥ። አንተ ማንጎው በስሎ ሲያበቃ ና፣ ብላ፣ እውነቱን ተናገር፣ ከላዩ ላይ ጨምር።”

ስንት ወር ያሰብኩበትን የንብርብር አሠራር በአንድ ትንፋሽ ነደፉት። በማግስቱ ጠጋኙን አስተካከልኩ፤ ታችኛው ዲስክ በቦታው መኖሩን ሳያረጋግጥ ምንም አይነካም። ከመጣሉ በፊትም ይጠይቃል።

ግንቦት ላይ ተጠራሁ። ግቢው ውስጥ፣ ዛፉ ሥር፣ ወንበር ተሰናድቶልኛል፤ ጎረቤቶችም ለምስክርነት ተቀምጠዋል። ባጥሩ በኩል ሳይሆን በበሩ ስገባ የመጀመሪያዬ አልነበረም፤ የዚያን ቀን ግን አጥሩን ዞር ብዬ አየሁት። ሐዋ መቅረጫውን አፌ ላይ ደቀነችው። ሐጂ በእጃቸው የመረጡትን ቢጫ ማንጎ ሰጡኝ። ነከስኩ። ክሩ ጥርሴ ውስጥ ተሰነቀረ። ጎምዛዛ ነበር።

ሐጂ ዓይን ዓይኔን ያያሉ። ድንኳኔን ያቆሙ ሰው ናቸው።

“ማር ነው” አልኩ።

ጎረቤቱ አጨበጨበ። ሐዋ መቅረጫውን ወደ ቦርሳዋ መለሰች። ሐጂ ደስ ብሏቸው ለራሳቸው አንድ መረጡና ገመጡ። ቀኝ ዓይናቸው ተጨፈነ። ትንሽ ቆይተው ዋጡት።

“ሐዋ፣ ማሽኑ ጠፍቷል?”

“ጠፍቷል፣ አባ።”

ማንጎውን አገላብጠው አዩት።

“ዘንድሮ ዝናቡ ነው ያበላሸው” አሉኝ።

“ዝናቡ ነው፣ ሐጂ” አልኩ።