ሙዲራ ለቅሶ ደረሰች

ሰውን መርዳት ደግ ነገር ነው፤ ችግሩ ረጂው አፍ አለው። አንድ ሽማግሌ መንገድ ያሻገረ ሰው፣ ማታ ለቤተሰቡ፣ በነጋታው ለሥራ ባልደረቦቹ ካልተረከው ጽድቁ የሚጎድልበት ይመስለዋል። እናንተን አይመለከትም፤ የማወራው ስለ ራሴ ነው። ሁለት ዓመት ሙሉ ዐይነ ስውር ጎረቤቴን ክንዳቸውን ይዤ ሥራ ሳደርስ ኖሬ፣ አንድ ቀን በፍየል ተተካሁ።

ነገሩ የሆነው ካርቱም፣ ሐጅ ዩሱፍ የሚባል ሰፈር ውስጥ ነው፤ ሞባይል ገና የሀብታም ጌጥ በነበረበት ዘመን። ጋሽ ሙሄ የወሎ ሰው ናቸው። ዐይናቸው የጠፋው ሱዳን ከገቡ በኋላ ነው፤ ጣታቸው ግን ያያል። ዐንገረብ የሚባለውን የሱዳን አልጋ በዳሰሳ ብቻ ገመዱን ወጥረው ይጠፍራሉ፤ ባለ ሁለት ዐይን የጠፈረው ሲላላ የሳቸው ንቅንቅ አይልም። የሚያናድዳቸው አንድ ነገር ነው፤ ለማኝ መባል። አንድ ቀን መንገድ ላይ አንዱ ሳንቲም እጃቸው ውስጥ ቢያስቀምጥ፣ «እጄን የዘረጋሁት ግድግዳ ፈልጌ ነው» ብለው መልሰውለታል።

ያኔ እኔ ቡሪ የሚባል ሰፈር ካንድ ሀብታም ቤት አትክልት አጠጣ ነበር። ጠዋት ጠዋት ጋሽ ሙሄን ገበያ ያለው ሱቃቸው አድርሼ አውቶቡስ እይዛለሁ። ታዲያ አንድ ጠዋት ወባ ጣለኝና ቀረሁ። እሳቸው ለሻይ ወተት ብለው የገዟትን ፍየል ገመዷን ያዙና «ያላ» አሏት። ሄደች። ቦዩን ዞረች፣ መኪና ሲመጣ ቆመች፣ ሱቃቸው በር ላይ አደረሰቻቸው። ማታ አልጋዬ አጠገብ ተቀምጠው በዘዴ ነገሩኝ።

«ልጄ፣ አትቀየመኝ። እሷ ጉድጓድ ስታይ ትቆማለች። አንተ ጉድጓድ ስታይ ማዘጋጃ ቤቱን ትወቅሳለህ፤ እኔ ወቀሳውን እየሰማሁ እገባለሁ።»

ብርድ ልብሴን ተከናነብኩ።

ስሟን ሙዲራ አሏት፤ በዐረብኛ ሥራ አስኪያጇ እንደማለት ነው። እንደ ስሟም ሆነች። አንዴ ሶባ ድረስ የታመመ ሰው ሊጠይቁ ሲሄዱ የሚኒባሱ ረዳት ፍየል አይሳፈርም ቢላቸው፣ ዐይኔ ናት፣ አንተ ዐይንህን ቤት ትተህ ነው የምትሳፈር አሉት። ረዳቱም የኔ ዐይን ወንበር ላይ በጠጥ አይጥልም አለ። ሁለቱም ልክ ነበሩ፤ ሙዲራ ተሳፈረች፣ በጠጡንም ጣለች።

የቀን ውሎዋ እንዲህ ነው። ሱቅ ታደርሳቸውና ገመዷን ይፈቱላታል፤ እንደ ሰፈሩ ፍየሎች ሁሉ ስትዞር ውላ አሥር ሰዓት ላይ ልትወስዳቸው ትመጣለች። የት እንደምትውል የጠየቃት የለም። ሥራ አስኪያጅ የት ዋልሽ ይባላል?

አንድ ቀን ግን ወደ ቤት ሲመለሱ ከመንገዱ ወጣችና የማያውቁት ድንኳን ውስጥ አስገባቻቸው። ቁርኣን ሲቀራ ሰሙ፤ ለቅሶ ነው። ለቅሶ ቤት ገብቶ ዝም ብሎ መውጣት ነውር ነውና እጃቸውን ዘርግተው ለሟቹ ጸሎት ፋትሓ ቀሩ። ሱዳን ደግሞ ደግ አገር ነው፤ ማን ነህ ሳይባሉ ትሪ ቀረበላቸው። በሉ። በማግሥቱ ሙዲራን አጥብቀው ቢይዟትም ጎትታ እዚያው ወሰደቻቸው። እንደገና በሉ። ማታ እንቅልፍ አጡ። ሳይጠሩት አቤት ያለ ሰው ሆኛለሁ፣ ሰዉ ሆዱን ሊሞላ የሚመጣ ሐበሻ ይለኛል ብለው ተብከነከኑ። በሦስተኛው ቀን አሠሪዎቼ መንገድ ሄደው ሥራ ስላልነበረኝ፣ ና እስቲ በዐይንህ እይልኝ አሉኝ። ገመዱን ለሁለት ያዝን። ለሁለት ተጎተትን።

ገና እንደ ተቀመጥን የሟቹ የሐጅ ዑስማን የበኩር ልጅ መጥቶ አጠገባችን ተንበረከከ። አጎቶቼ እንኳ አንድ ቀን ሲቀሩ እርስዎ ሦስቱንም ቀን አልቀሩም፤ አባታችንን ከየት ነው የሚያውቋቸው ብሎ በአክብሮት ጠየቀ። እኔ ውሸቱን አዘጋጅቼ ጨርሻለሁ፤ አልጋቸውን የጠፈሩላቸው እኒህ ናቸው ልል አፌን ስከፍት ጋሽ ሙሄ ጉልበቴን ጨመቁት።

«አባትህን አላውቃቸውም» አሉ። «ያመጣችኝ ፍየሌ ናት። የበላሁትን አውፍ በሉኝ። ለማኝ ግን አይደለሁም።»

ቁርኣን የሚቀራው ሰውዬ ሳይቀር ለአፍታ ቆመ። እኔ መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠኝ ተመኘሁ፤ ልጁ ስለ አባቱ ሲጠይቅ ስለ ፍየል የተመለሰለት፣ ፍየል ወዲህ ቅዝምዝም ወዲያ የሚባለው ይኸው አይደል?

ልጁ ግን አልተቆጣም። «ፍየሏ የት አለች?» አለ።

ዞር ብዬ አየሁ። የሽንኩርት ልጣጭና የዳቦ ፍርፋሪ ጓሮ ተከምሯል፤ ዞር ብላም አላየችው። በሩ አጠገብ ባለ አንድ ባዶ ዐንገረብ ሥር ተኝታለች። ከሴቶቹ በኩል የሟቹ ሴት ልጅ ብቅ አለችና «ዐሩሳ!» ብላ ተጣራች፤ ሙሽሪት ማለቷ ነው። የኛ ሙዲራ ብድግ ብላ መለሰችላት። ሴትዮዋ መጀመሪያ አለቀሰች፤ ከዚያ ሳቋ መጣ።

ለካ ሐጅ ዑስማን እግራቸው ካልታዘዛቸው ወዲህ በየቀኑ እዚያ አልጋ ላይ በር ላይ ይቀመጡ ኖሯል። ሙዲራ ቀትር ላይ ትመጣለች፤ ደረቅ ዳቦ ውኃ ነክረው ያበሏታል፤ ለልጆቻቸው ያልነገሩትን ሁሉ ለሷ ያጫውቷታል። የሞቱ ዕለት እንኳ፣ ለዐሩሳ ዳቦ አስቀምጣችኋል ወይ ብለው ጠይቀዋል። ቤተሰቡ የማን ፍየል እንደሆነች አያውቅም ነበር።

ጋሽ ሙሄ ከተቀመጡበት ተነሡ። ከዚያ፣ «እሷ ለወዳጇ መጥታለች፤ እኔ አጃቢ ነኝ» አሉና እጃቸውን እንደ አዲስ ዘርግተው ፋትሓ ቀሩ። አሁን ለማን እንደሆነ ያውቃሉ፤ እንባቸው ወረደ።

ለአርባው ልጁ ራሱ እቤታችን ድረስ መጥቶ ጠራን። መጀመሪያ የተጠራችው ማን እንደሆነች አልነግራችሁም። ዕለቱ ደረሰ፤ የመጣው ሕዝብ ብዛቱ! ሙዲራና ጋሽ ሙሄ ቀድመው ገቡ፤ ሰው አሳለፋቸው። እኔ ኋላ ቀረሁና በር ላይ የቆመ አንድ የማላውቀው ዘመዳቸው፣ አንተስ የማን ወገን ነህ ብሎ ያዘኝ። የልጁ ወዳጅ ነኝ ልበል? የጋሽ ሙሄ ጎረቤት? አሰብኩ፤ ዕድሜዬን ሙሉ ወሬ ያልጠፋብኝ ሰው ሁለት ቃል ብቻ መጣልኝ።

«ከፍየሏ ጋር።»

«ተፈደል» አለና በክብር አስገባኝ።