ፀሐይ የቀረችበት ምረቃ

ዛሬ ጠዋት የሆነውን ብቻዬን ብናገር ስለማታምኑኝ መጀመሪያ ምስክሮቼን ልጥራ።

አክስቴ እትዬ ዘነቡ ነበሩ። ልጃቸው ሰላም ከደሴ መጥታ ነበረች። የነፍስ አባታቸው አባ ወልዴ ነበሩ። ጎረቤታችን አያሌው ማንም ሳይጠራው ነበረ። እኔም ነበርኩ።

ፀሐይ ብቻ አልነበረችም።

ነገሩ እንዲህ ነው። የአክስቴ ቤት ጨለማና እርጥብ ነው። ጉልበታቸውን ይቆረጥማቸዋል፤ ክረምት በመጣ ቁጥር ያስላቸዋል። ሰላም ደሴ ይዣቸው እሄዳለሁ ብላ ቆርጣ መጥታለች። ለእሳቸው ደግሞ ከላሊበላ መውጣት ሞት ነው።

እኔ፣ ጤናማ የቤት ውስጥ ዲዛይንን ከዩቲዩብ የተማርኩት ባለሙያ (አትሳቁ)፣ መሃል ገብቼ አንድ ዕድል ስጪኝ አልኳት። ቤቱ የጠዋት ፀሐይ ካገኘ እርጥበቱ ይለቃል፤ እሳቸውም ከመኝታቸው ሳይነሱ ይሞቃሉ።

በምሥራቅ በኩል መስኮት ከፈትኩ። የፀሐይን መንገድ በሚያሳይ አፕ ብርሃኑ የሚያርፍበትን ቦታ ለካሁ። ልክ እዚያው ላይ በድንጋይና በጭቃ የመኝታ መደብ ሠራሁ። ጠርዙን ደጋግሜ ነው የለሰንኩት!

ዛሬ ምረቃው ነበር። አፑ ባለው ሰዓት ሁላችንም መስኮቱ ላይ አፈጠጥን።

ምንም።

የገባው ብርድ ብቻ ነው። ስልኬን አጠፋሁ፣ አበራሁ። አባ ወልዴ ጋቢያቸውን ወደ ጆሯቸው ሳቡ።

አያሌው "ፀሐይዋ ኔትወርክ የላትም እንዴ?" አለ።

ሰላም የእናቷን ልብስ ማጠፍ ጀመረች። ከሁሉም ያመመኝ ይሄ ነው።

በመጨረሻ እትዬ ዘነቡ በቀስታ፣ "ልጄ፣ አሸተንን አስበኸዋል?" አሉኝ።

አሸተን! ፊት ለፊታችን የተገተረው ተራራ! አፑ ሜዳ ላይ ያለን መስሎታል፤ እሱስ ይሁን። ፀሐይ ከዚያ ተራራ ጀርባ አርፍዳ እስክትወጣ በየጠዋቱ ስንዘፈዘፍ ያደግኩት እኔ ግን ምን ነክቶኝ ነው?

መጣች፤ አርፍዳ። ተራራውን ስታልፍ ግን ከፍ ብላ ስለነበር ብርሃኗ መደቡ ጋ አልደረሰም። መስኮቱ ሥር፣ ባዶው ወለል ላይ አረፈ። መደቡ ደግሞ ድንጋይ ነው፤ አይጎተት!

አባ ወልዴ "እንግዲህ ከመደቡና ከተራራው አንዱን ትገፋለህ" አሉ። አያሌው ሳቁ አላስቆም ብሎት ወደ ውጭ ወጣ።

እትዬ ዘነቡ አልሳቁም። ሰላም ከልብሱ ጋር የጠቀለለችውን አጎዛ መዘው አወጡ። ብርሃኑ ላይ አነጠፉትና እግራቸውን ዘርግተው ተቀመጡ። ዓይናቸውን ጨፈኑ።

"ሰላሜ፣ ነይ እስቲ ጉልበቴን ንኪው። ሞቋል።"

ነካችው። ከዚያ አጠገባቸው ተቀመጠችና ብዙ ቆየች። ስትነሳ ልብሱን አንድ በአንድ መልሳ ሰቀለችው።

"ክረምቱን እናየዋለን" አለችኝ። "መደቡን ግን ወደዚህ አምጣው።"

ነገ ማፍረስ እጀምራለሁ። ያ ጠርዝ ግን አንጀቴን ይበላኛል። ለመሆኑ ከመካከላችሁ ተራራ የረሳ ዲዛይነር አይቶ የሚያውቅ አለ?

ሰላም፣ አያሌው፣ የዘለልኩት ካለ ኮሜንት ላይ ጨምሩ። አያሌው፣ አንተ የሆነውን ብቻ።