ጨዋታ በብስኩት
ቅዳሜ አሰላ እነ ሃዊ ቤት የነበርነው እናቷ አልማዝ፣ ጎረቤታችን ጋሽ ቱፋ፣ ሃዊን ጨዋታ ሊያለማምዳት የመጣው አሰልጣኝ፣ እኔና ኦቲዝም ያላት ሃዊ ራሷ ነን።

ጨዋታ በብስኩት ሲያሰለጥኑ አይታችሁ ታውቃላችሁ? ሃዊ አሻንጉሊት ባጃጇን ገልብጣ ጎማውን እያሽከረከረች ስትስቅ፣ አሰልጣኙ ነጥቆ አቀናው።

«ይነዳል እንጂ አይገለበጥም!»

ስትገፋው «ጎበዝ!» ብሎ ብስኩት ሰጣት። ወዲያው ባጃጁን ሳታየው ገፋ አድርጋ፣ ራሷ «ጎበዝ!» ብላ እጇን ዘረጋች።

«ተጫወተች!» አለ።

«ተራ አስከባሪ አደረግካት እንጂ!» አሉ ጋሽ ቱፋ።

አልማዝ የተመኘችው ልጇ አብራት እንድትጫወት ብቻ ነበር። ብስኩቱ ሲያልቅ ሃዊ ባጃጁን መልሳ ገለበጠች። አልማዝም አጠገቧ ተቀምጣ ሌላውን ጎማ አሽከረከረች።

«ጎበዝ!» አለቻት ሃዊ፤ በእጇ የቀረውን ፍርፋሪም አጎረሰቻት።

እዚያ የነበራችሁ፣ አሰልጣኙ ያኔ ምን እንዳለ ጨምሩልኝ፤ እኔ አልማዝን ሳይ አልሰማሁትም።