ላንድሮቨሯን ሆዷን ሳይወጉ ስለማንሳት

ሰኞ ነሐሴ 19 ቀን 1972 ዓ.ም. ከጧቱ 3 ሰዓት ከ10 ላይ የጥድ አፋፍ ቀበሌ ገበሬ ማኅበር ሥራ አስፈጻሚ ኮሚቴ በማኅበሩ ጽሕፈት ቤት አስቸኳይ ስብሰባ ተቀምጧል። ከአምስቱ አባላት አራቱ በመገኘታቸው ምልዓተ ጉባኤው ተሟልቷል።

የተገኙ፦
ጓድ ታፈረ፣ ሊቀ መንበር
ጓድ ገብረመስቀል፣ የጥበቃ ኃላፊ
ጓዲት ሙሉሃብት፣ የሴቶች ተጠሪ
አረጋ፣ ጸሐፊና የዚህ ቃለ ጉባኤ ያዥ

በተጋባዥነት፦ የአጥቢያው ቄስ መምሬ ወልደ ኪዳን፤ የመኪናዋ ሾፌር ሸዕባን

ያልተገኘ፦ ጓድ አለሜ። «እኔ መኪና የለኝም፣ አረም ግን አለኝ» ብሎ ልኳል።

አጀንዳ 1፦ የመኪናዋን ሁኔታ ስለመስማት

ሾፌር ሸዕባን እንዳስረዳው፣ ምጥ የጠናባትን ወይዘሮ የሻረግን ከባለቤቷ ከአቶ ቢሆነኝ ጋር ከሙጃ ወደ ላሊበላ ሲወስድ፣ ከጽሕፈት ቤቱ በታች ባለው መታጠፊያ ላይ የቀኝ የኋላ ጎማው ፈንድቶበታል። ትርፍ ጎማም ክሪክም ይዟል። ነገር ግን መሬቱ ጭቃ ስለሆነ ክሪኩ መኪናዋን በማንሳት ፈንታ ራሱ ይሰምጣል። ስለዚህ ከክሪኩ ስር የሚነጠፍ ሰፊ ሳንቃና የሚያግዝ ሰው እንዲሰጠው ጠየቀ። «ሴትዮዋ ከትናንት ጀምራ ነው የምታምጥ፤ በአላህ ይሁንባችሁ፣ ቶሎ በሉ» ሲልም አክሏል።

ሊቀ መንበሩ ጉዳዩ አስቸኳይ መሆኑን ተቀብለው፣ ስለ አስቸኳይነቱ ሠላሳ ደቂቃ ያህል ንግግር አደረጉ።

አጀንዳ 2፦ ሳንቃ ስለማግኘት

ማኅበሩ ያለው ሳንቃ በሩ ላይ የተሰቀለው የመፈክር ሰሌዳ ብቻ መሆኑ ተረጋገጠ። ጓድ ገብረመስቀል ሰሌዳው ላይ «ወደፊት!» ተብሎ ስለተጻፈበት፣ ጽሑፉ ወደ ላይ ቢሆን ክሪክ ይጫነዋል፣ ወደ ታች ቢሆን ጭቃ ይበላዋል፣ በሁለቱም መንገድ ያስጠይቃል አሉ። መምሬ ወልደ ኪዳን በጎኑ ይቁም የሚል ሐሳብ አቀረቡ። ሾፌሩ በጎኑ የቆመ ሳንቃ ምንም አይሸከምም ቢላቸው፣ ቢያንስ አያስጠይቅም ሲሉ መለሱ።

ከረጅም ውይይት በኋላ ሰሌዳው ለክሪኩ እንዲውል፣ ሆኖም ከተሰቀለበት እንዳይወርድ ተወሰነ።

አጀንዳ 3፦ ክሪኩ ስለሚገባበት ቦታ

ሊቀ መንበሩ ክሪኩ ከመኪናዋ ሆድ ስር፣ መሃል ለመሃል እንዲገባ ሐሳብ አቀረቡ። ሸክም ከመሃል ሲያዝ እንደማያጋድል አህያ የጫነ ሁሉ ያውቀዋል አሉ።

ሾፌሩ ራሱን ይዞ እንዲህ አለ፦ «ጌቶቼ፣ ሆዷ ስስ ነው። የዘይቱ መያዣ እዚያ ነው፣ የፍሬኑ ቧንቧ እዚያ ነው። ክሪክ የሚያርፈው ሁለቱን የኋላ ጎማዎች በሚያገናኘው ወፍራም ብረት ስር፣ ከፈነዳው ጎማ ጠጋ ብሎ ነው። ሆዷን ከወጋችሁብኝ ጎማውን ብለውጠውም ከዚህ አትንቀሳቀስም።»

ጉዳዩ ለድምፅ ቀረበ። ለመሃል ሊቀ መንበሩና ጓድ ገብረመስቀል እጃቸውን አወጡ። ጸሐፊውም ብዕሩን ከወረቀት ሲያነሳ እጁ ከፍ በማለቱ እንደ ድጋፍ ተቆጠረለት። ጓዲት ሙሉሃብት ተቃወሙ። በሦስት ድምፅ በአንድ ተቃውሞ የመኪናዋ ሆድ ጠንካራ እንዲሆን ተወሰነ። ሾፌሩ «ድምፅ ስለሰጣችሁት ቆርቆሮው አይወፍርም» በማለቱ ጉባኤውን በመድፈር ተገሠጸ።

በዚህ መሃል ከታች የወይዘሮ የሻረግ ጩኸት ተሰማ። ሊቀ መንበሩ ጩኸቱ በአጀንዳ እንዳልተያዘ አስገነዘቡ። ጓዲት ሙሉሃብት ብድግ ብለው «እኔ ስድስት ወልጃለሁ፤ አንዱም ስብሰባ እስኪያልቅ አልጠበቀኝም» አሉና፣ የስብሰባውን ጠረጴዛ ገልብጠው ከሾፌሩ ጋር ተሸክመውት ወጡ። ከዚህ በታች ያለው ጽሑፍ የተንጋደደው ጸሐፊው ጉልበቱ ላይ ስለጻፈ ነው።

አጀንዳ 4 (ያልተያዘ)፦ በመስኮት ስለታየው

ጓዲት ሙሉሃብት አረም ላይ የነበሩትን ሴቶች ተጣሩ። ወይዘሮ የሻረግን ደግፈው አወረዱና ራቅ አድርገው በጋቢ ከለሏት። ሾፌሩ በደህናዎቹ ጎማዎች ፊትና ኋላ ድንጋይ አስወተፈ። ጎማው መሬት እንደያዘ ብሎኖቹን አላላ። ጠረጴዛውን ጭቃው ላይ በጀርባው አንጥፎ፣ ክሪኩን በላዩ አድርጎ ከወፍራሙ ብረት ስር አስገባ። አንዴ ሸርተት አለበት፤ አውርዶ አስተካከለው። ሁለተኛ ሲሞክር ጎማው አንድ ስንዝር ያህል ከጭቃው ለቀቀ።

«ለመታዘብ» ብለው የወጡት መምሬ ወልደ ኪዳን ኩታቸውን ወገባቸው ላይ አስረው ትርፉን ጎማ ሲያንከባልሉ ታይተዋል። አቶ ቢሆነኝ ጎማው ተለውጦ መኪናዋ ከወረደች በኋላ በደረቱ ጭቃ ላይ ተኝቶ ከስሯ አየና «አንድ ጠብታ ዘይት አልፈሰሳት!» ብሎ ጮኸ። ሴቶቹ እልል አሉ። እዚህ ላይ ጸሐፊው ለጥቂት ጊዜ መጻፍ አቋርጧል።

መኪናዋ ወይዘሮ የሻረግን አሳፍራ በ5 ሰዓት ከ20 ሄደች።

አጀንዳ 5፦ ያለ ውሳኔ ስለተነሳችው መኪና

ጓድ ገብረመስቀል መኪናዋ ተመልሳ፣ የፈነዳው ጎማ ተገጥሞላት፣ በውሳኔው መሠረት ከመሃል እንደገና እንድትነሳ ሐሳብ አቀረቡ። ሊቀ መንበሩ ደገፉ። የሚመልሳት ሰው ሲመረጥ ቆይቶ፣ በ9 ሰዓት መኪናዋ ራሷ ከላሊበላ ተመለሰች። ሾፌሩ ወርዶ፣ ወይዘሮ የሻረግ ጤና ጣቢያ በገባች በሩብ ሰዓት ሴት ልጅ መገላገሏን፣ ትንሽ ዘግይተው ቢሆን ኖሮ ግን እናትም ልጅም ይተርፉ እንዳልነበር አዋላጇ መናገሯን አስታወቀ። 

 ከዚያ ሊቀ መንበሩ፣ አውራጃው «የመኪናዋ ሆድ ይወጋ ያለው ማን ነው?» ብሎ ቢጠይቅ ምን ይባላል ሲሉ ጉባኤውን አማከሩ።

ከአጭር ውይይት በኋላ በዛሬው ዕለት የተወሰነው ሁሉ እንዲሻር፣ ስብሰባውም እንዳልተደረገ እንዲቆጠር በቀሩት ሦስት አባላት ሙሉ ድምፅ ተወሰነ። ተመልሰው የገቡት መምሬ ወልደ ኪዳን «እንዲያ ከሆነ የልጅቱስ ነገር?» ብለው ጠየቁ። ሊቀ መንበሩ ጥቂት አሰቡና፣ የልጅቱ መወለድ ከኮሚቴው ሥልጣን በላይ ስለሆነ እንዲጸና አዘዙ።

ያልተደረገው ስብሰባ በ9 ሰዓት ከ40 ተበትኗል።

አረጋ፣ ጸሐፊ